ጎማ ያላቸው ቤቶችና አዳኞቻቸው

ቁሳዊ ባህል ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው የሸክላ እንስራ፣ የብራና መጽሐፍ፣ የጥንት ጋሻና ጦር ነው። በፋብሪካ ተሠርቶ፣ በገበያ ተሸጦ፣ አርጅቶም ሜዳ ላይ የተጣለ ዕቃ የታሪክ ምስክር ሊሆን መቻሉ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ የተስፋፋው፣ አሮጌ ተሳቢ ቤቶችን ፈልጎ የማግኘት፣ የመጠገንና የመሰብሰብ ልማድ ነው።

ተሳቢን የአገራችን አንባቢ ያውቀዋል፤ ከከባድ መኪና ኋላ ተያይዞ እህልና ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ነው። እዚህ የሚነገርለት ግን ሰው የሚያድርበት፣ አልጋና ምድጃ፣ ጠረጴዛና መስኮት ያለው፣ የቤት አውቶሞቢል የሚጎትተው ጠባብ ቤት ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ለሽርሽር ይጎትተዋል፤ ሥራ ያጣው ደግሞ ሥራ ፍለጋ ይጎትተዋል። ሁለቱ በአንድ መንገድ፣ አንዳንዴም በአንድ ዓይነት ተሳቢ ሲጓዙ ኖረዋል። ዛሬ ሰብሳቢው ከሜዳ አንሥቶ የሚወለውለው የትኛውን ነው? የሽርሽረኛውን ወይስ የሥራ ፈላጊውን? የዚህ ልማድ ታሪክ ሲመረመር የሚያከራክረው ዋና ጉዳይ ይኸው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ ከሞተር የቀደመ ነው። በ1885 ጎርደን ስቴብልስ የተባለ፣ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም የነበረና ለልጆች የጀብዱ ታሪክ የሚጽፍ ስኮትላንዳዊ፣ «ዘ ዋንደረር» ወይም «ተንከራታቹ» ብሎ የሰየመውን በፈረስ የሚጎተት ቤት በብሪስቶል አሠርቶ አገሩን ዞረበት። ጂፕሲዎች ለኑሮ የያዙትን ሠረገላ ባለጸጋው ለመዝናኛ ወረሰው ማለት ነው። ጸሐፊው ራሱ ይህን አልሸሸገም፤ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ራሱን «ጨዋው ጂፕሲ» ብሎታል። ጂፕሲዎቹ እርሱን ምን ብለው እንደጠሩት መጽሐፉ ቢነግረን ኖሮ የበለጠ ባተረፍን ነበር።

አውቶሞቢል በአሜሪካ ከጥቂቶች እጅ ወጥቶ ወደ ብዙኃኑ ሲደርስ ነገሩ ተለወጠ። በኢንዲያና ግዛት በኤልክሃርት ከተማ በሚገኘው የተሳቢ ቤቶች ሙዚየም ውስጥ በ1913 በካሊፎርኒያ የተሠራ አንድ ተሳቢ ይታያል፤ ከድንኳን ሳይሆን ከጠንካራ ግድግዳ ከተሠሩት መካከል እስከ ዛሬ የተረፈው እጅግ ጥንታዊው እንደሆነ ይነገርለታል። በ1919 ደግሞ በፍሎሪዳ ግዛት በታምፓ ከተማ መናፈሻ የሰፈሩ መንገደኞች «የቆርቆሮ ጣሳ ጎብኚዎች» የሚል ማኅበር አቋቋሙ። መለያቸው በራዲያተሩ ክዳን ላይ የተበየደ የምግብ ጣሳ ነበር። ሆቴል የማያድሩ፣ ምግብ ቤት የማይበሉ፣ ጣሳ ከፍተው በልተው የሚሄዱ ሰዎች ስለነበሩ የከተማው ነጋዴ ይሣለቅባቸው ነበር፤ እነርሱም ስላቁን አንሥተው ዓርማ አደረጉት።

ተሳቢ ቤት ከግል እጅ ሥራ ወጥቶ የፋብሪካ ምርት የሆነው ግን በአንድ የዝናብ ሌሊት ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዲትሮይቱ የባክቴሪያ ሊቅ አርተር ሸርማን በ1929 ገደማ «ውሃ አያስገባም» የተባለለትን ታጣፊ ድንኳን ያለው ተሳቢ ገዝቶ ከነቤተሰቡ ጉዞ ይወጣል። ዝናቡ ሲመጣ ግን ሁሉም በሰበሱ። ሸርማን ተመልሶ ጠንካራ ግድግዳ ያለው፣ ሣጥን መሰል ተሳቢ ነደፈ፤ «ካቨርድ ዋገን» ብሎም በቀደሙት ሰፋሪዎች ሸራ ለባሽ ሠረገላ ስም ጠራው። በ1936 ኩባንያው በአገሩ ካሉት ተሳቢ አምራቾች ሁሉ የላቀው ነበር።

በዚያው ዘመን በካሊፎርኒያ ሌላ መንገድ ተቀየሰ። ሐውሊ ቦውለስ ሞተር አልባ አውሮፕላን የሚነድፍ፣ በ1927 ቻርልስ ሊንድበርግ አትላንቲክን ብቻውን የተሻገረበት አውሮፕላን ሲሠራም በፋብሪካው በኃላፊነት የሠራ ሰው ነበር። የአውሮፕላኑን ጥበብ ወደ መንገድ አውርዶ በ1934 «ሮድ ቺፍ» የተባለውን፣ ቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ በሪቬት ተያይዞ የተሠራውን፣ ነፋስ የሚሰነጥቅ ተሳቢ አወጣ። በሩ የነበረው ከፊት፣ ከመጎተቻው በላይ ስለነበር ባለቤቱ ወደ ቤቱ የሚገባው በብረቱ ላይ ተረማምዶ ነው። ከ80 ያህል በላይ ሳይሠራ ኩባንያው ከሰረ። ንድፉን የወረሰው ወሊ ባያም ነው።

ባያም በ1896 በኦሬጎን ግዛት ተወለደ። በልጅነቱ በግ ሲጠብቅ በአህያ በምትጎተት፣ ምድጃና መኝታ ባላት ጋሪ ያድር እንደነበር ይተረክለታል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ወደ ማስታወቂያና መጽሔት ሥራ ገባ፤ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ሊሠሩት የሚችሉትን የተሳቢ ንድፍ በመሸጥ ጀምሮ በ1931 «ኤርስትሪም» የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። በ1936 የቦውለስን ንድፍ አሻሽሎ፣ በሩን ወደ ጎን አዙሮ፣ አራት ሰው የሚያስተኛውን «ክሊፐር» በ1,200 ዶላር ለገበያ አቀረበ። አንድ አዲስ የፎርድ አውቶሞቢል በዚያን ጊዜ በዚህ ገንዘብ እኩሌታ ገደማ ይገኝ ነበር።

ይህ 1936 የሚባል ዓመት ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ነው። የኢኮኖሚ ትንበያ በማድረግ የታወቀው ሮጀር ባብሰን በሃያ ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ሕዝብ እኩሌታ በተሳቢ ቤት ይኖራል ብሎ የተናገረው በዚህ ወቅት ነው። ጋዜጦች ስለ ነፃነት፣ ስለ ክፍት መንገድ፣ ስለ አዲስ ሕይወት ጻፉ። በዚሁ ዓመት ደግሞ በኒው ዮርክ ቪክቶር ግሪን የተባለ ጥቁር የፖስታ ሠራተኛ አንዲት ቀጭን መመሪያ አሳተመ፤ ጥቁር መንገደኛ ሳይባረርና ሳይዋረድ የሚበላበትንና የሚያድርበትን ቦታ የምትጠቁም ነበረች። ያች መመሪያ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ መታተም አስፈልጓታል። መንገዱ ለሁሉም ክፍት አልነበረም።

ለነጩም ቢሆን ለሁሉም አልተከፈተም። በኢኮኖሚው ድቀት ጊዜ መሬቱንና ሥራውን ያጣው ቤተሰብ ተሳቢውን ይዞ ወደ ከተማ ሲጠጋ ማዘጋጃ ቤቶች ከጥቂት ቀን በላይ እንዳይቆም የሚያግድ ደንብ አወጡ። ባለመሬቶቹ «ግብር ሳይከፍሉ ልጆቻቸውን በትምህርት ቤታችን ያስተምራሉ» ሲሉ ከሰሷቸው። የባለጸጋው ተሳቢ ሲቆም ጎብኚ መጣ ይባላል፤ የድኻው ሲቆም መጤ ሰፈረ ይባላል። ልዩነቱ ከተሳቢው ሳይሆን ባለቤቱ ተመልሶ የሚገባበት ሌላ ቤት ካለው ወይም ከሌለው ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን ትናንት የተባረረው ተሳቢ በመንግሥት ተፈለገ። የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ባልተጠበቀ ሥፍራ በአንድ ጊዜ በቀሉ፤ ሠራተኛው የሚያድርበት ቤት አልነበረም። በሚሺጋን ግዛት ፎርድ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በሚሠራበት በዊሎው ራን ዙሪያ፣ የሂሮሺማው ቦምብ ዩራኒየም በተጣራበት በኦክ ሪጅ፣ የናጋሳኪው ፕሉቶኒየም በተመረተበት በሃንፎርድ ተሳቢዎች በሺህ እየተቆጠሩ ተደረደሩ። በነዚያ ጠባብ የኮምፔንሳቶ ግድግዳዎች መካከል የኖሩት ሰዎች አብዛኛዎቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ እንኳ አልተነገራቸውም። አሉሚኒየም ለአውሮፕላን ብቻ እንዲውል በመደረጉ ባያም ራሱ ተሳቢ መሥራቱን አቁሞ ወደ አውሮፕላን ኢንዱስትሪ ገብቶ ነበር። ሰላም ሲሆን ከመንግሥት ተሳቢዎች ብዙዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተወስደው፣ ከጦር ሜዳ ተመልሰው ትምህርት ለጀመሩ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው መኖሪያ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሁለት ወንድማማቾች መለያየት ይመስላል። በ1954 አካባቢ አሥር ጫማ ስፋት ያለው ተሳቢ ገበያ ላይ ዋለ። ይህን የሚያህል ነገር በመንገድ ላይ ለመጎተት ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከፋብሪካው ወጥቶ አንድ ጊዜ ይጎተትና ለዘለቄታው ይተከላል። ተሳቢ መባሉ ለስም ሆነ፤ የሠራተኛው ርካሽ መኖሪያም እርሱ ሆነ። ጠባቡና ቀላሉ ወንድም ደግሞ ለሽርሽር ተለየ። በዚያው 1954 ዳይሬክተሩ ቪንሰንት ሚኔሊ «ረጅሙ፣ ረጅሙ ተሳቢ» የተባለውን የቀልድ ፊልም አወጣ። በፊልሙ ሚስቲቱ በየደረሰችበት ድንጋይ እየለቀመች ተሳቢው ውስጥ ትሸሽጋለች፤ በተራራ መንገድ ላይ የድንጋዩ ክብደት ባልና ሚስቱን ገደል ሊከት ይደርሳል። ስለ መሰብሰብ አባዜ ከዚህ የተሻለ ሥዕል አይገኝም።

የሽርሽሩ ወገን ከፍተኛ ሰልፍ የታየው ግን በአሜሪካ ሳይሆን በአፍሪካ ነው። በ1959 ባያም 41 የብር መልክ ያላቸውን ተሳቢዎች አስከትሎ ከኬፕ ታውን ወደ ካይሮ ጉዞ ጀመረ፤ የእርሱና የባለቤቱ ብቻ ወርቃማ ቀለም ነበረው። ጉዞው ኢትዮጵያንም አቋርጧል፤ በአዲስ አበባ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተጓዦቹን ተቀብለዋቸዋል። መነሻው የአፓርታይድ ሕግ በጸናባት ደቡብ አፍሪካ፣ መድረሻው የናስር ግብጽ ነበረች፤ ዘመኑም አፍሪካ ከቅኝ ግዛት ቀንበር የምትወጣበት ዋዜማ ነው። ተሳቢዎቹ በ1960 ካይሮ ሲደርሱ ከአሥር በላይ የአፍሪካ አገሮች ነፃ የሚወጡበት ዓመት ገብቶ ነበር። በኋላ ዝነኛ የሆነው ፎቶግራፍ አንሺ ፒት ተርነር ጉዞውን በቀለም ፊልም አንሥቶታል። ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው፤ የሚያብረቀርቀው አሉሚኒየም ከፒራሚድ አጠገብ ሲታይ ዓይን ይይዛል። ታሪኩ ሲተረክ ግን ተራኪው ሁልጊዜ በመስኮቱ ውስጥ ያለው ነው፤ ከመስኮቱ ውጪ ቆሞ የሚያየው ገበሬ ቃሉ አልተመዘገበም።

አፍሪካ ከዚያ ጉዞ ያተረፈችው አንድ ስም ነው ማለት ይቻላል፤ እርሱንም ሳታውቀው። ኩባንያው እንደሚተርከው፣ «ባምቢ» የተባለችው የ1961 ትንሿ ተሳቢ ስሟን ያገኘችው ባያም በአንጎላ ካያት፣ በአገሩ ቋንቋ በተመሳሳይ ስም ከምትጠራ ጠንካራ እግር ካላት ትንሽ አጋዘን ነው። ብዙ ሰው የካርቱን ፊልሙ ሚዳቋ ይመስለዋል። ባያም በ1962 ሞተ። በ1963 የተሠራች አንዲት ባምቢ ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ትገኛለች። ከአንጎላ ሜዳ እስከ ማንሃተን ሙዚየም የተጓዘ ቃል ነው።

እንግዲህ ሰብሳቢው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአማርኛ «አዳኝ» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤ አንዱ አውሬ አሳዶ የሚገድል፣ ሌላው ከጥፋት የሚያወጣ። የአሮጌ ተሳቢ ፈላጊ ሁለቱንም ነው። የሚያድነው በትልቅ መንገድ ዳር አይደለም። የእርሻ ቤት ጓሮ፣ የከብት በረት ጥግ፣ ከሐይቅ ዳር ያለ የዓሣ አጥማጆች ሠፈር፣ ከተራራ ላይ የአጋዘን አዳኞች ማደሪያ ሆኖ የቀረ ቦታ ነው የሚያስሰው። ጎማው ወደ መሬት ሰምጦ፣ ዛፍ በመጎተቻው መካከል በቅሎ፣ አይጥ አልጋውን ወርሶ ያገኘዋል። ብዙውን ጊዜ የቀድሞው ባለቤት ሞቷል፤ ወራሾቹ ዕቃው ምን እንደሆነ አያውቁም። አዳኙ መጀመሪያ የሚያየው ከመጎተቻው ብረት ላይ የተመታውን የፋብሪካ ቁጥር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱና የተሠራበት ቦታ ከዚያ ይነበባል።

ቀጥሎ ማእዘኖቹን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ምክንያት አለው። አብዛኛዎቹ የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ትናንሽ ተሳቢዎች፣ ቅርጻቸው የታሸገ ሥጋ ቆርቆሮ የሚመስለው፣ አጥንታቸው ቀጭን የጥድ እንጨት፣ የውስጥ ገላቸው ኮምፔንሳቶ፣ ውጫቸው ብቻ ቀጭን አሉሚኒየም ነው። መገጣጠሚያው በስቱኮ መሰል ነገር ይታሸጋል። ስቱኮው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፤ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ብረቱ ግን እንደ ደህና ሰው ፊት ምንም ሳይታይበት ይቆያል። የሸርማን ዝናብ ዛሬም አልቆመም ማለት ነው። ብረት ለባሾቹ ኤርስትሪሞችም ከዚህ አያመልጡም፤ ግድግዳቸው ባይበሰብስ በሻንሲው ላይ የተነጠፈው የኮምፔንሳቶ ወለል ጠርዙ ይበሰብስና የኋላው አካል ከሻንሲው ይላቀቃል። ያን ጊዜ ጠጋኙ ከላይ ያለውን ቅርፊት እንዳለ ወደ ላይ አንሥቶ ከሥሩ አዲስ ወለል ከመሥራት በቀር ምርጫ የለውም።

የእንጨት አጥንት ያለውን የሚጠግን ሰው ላሜራውን ከላዩ ይገፈዋል፤ የተበላሸውን እንጨት ግን ወዲያው አይጥልም። የበሰበሰው የጣሪያ ጎን ዱቄት እስኪሆን ቢደርስም በወረቀት ላይ አጋድሞ ቅርጹን ይነድፈዋል፤ አዲሱ እንጨት የሚቆረጠው በዚያ ልክ ነው። ጎኑ ከተጣለ የጣሪያው ጉብታ ለዘለዓለም ይጠፋል። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሌላው ነገር ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣው ነው፦ የፋብሪካ ሠራተኛ በእርሳስ የጻፈው ቁጥር፣ በመሳቢያ ሥር የወደቀ ደረሰኝ፣ በቁም ሣጥን በር ላይ የልጅ ቁመት የተለካበት ጭረት።

ሰብሳቢዎቹ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን ሁሉን ነገር አድሶ፣ ጭረቱን ልጦ፣ አሉሚኒየሙን መስታወት እስኪመስል ያሸዋል። በየዓመቱ ቢታሽ የሚያልቅ ነገር ነው፤ የአውሮፕላንና የተሳቢ ላሜራ ብዙውን ጊዜ ከላይ በቀጭን ንጹሕ አሉሚኒየም የተሸፈነ ስለሆነ ማሻው በነካው ቁጥር ከዚያ ሽፋን ይቀንሳል። ለውበት ሲባል ቅርሱ ይፋቃል። ሁለተኛው ወገን ፍሳሹን ይዘጋል፣ የበሰበሰውን ይተካል፣ ሌላውን እንዳገኘው ይተዋል። የዚህ ወገን ተሳቢ በሰልፍ ላይ ሽልማት አያገኝም፤ ሰው የኖረበት መሆኑ ግን ይታያል። ለታሪክ የሚበጀው ሁለተኛው ነው። አንደኛውም ቢሆን ባይኖር ብዙዎቹ ዛሬ ቁርጥራጭ ብረት በሆኑ ነበር፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይሆንም።

የጥንቱ «የቆርቆሮ ጣሳ ጎብኚዎች» ማኅበር ከተበተነ በኋላ በ1998 በሚሺጋን ግዛት እንደገና ተቋቁሟል። አባላቱ በበጋ ወራት ተሳቢዎቻቸውን አሰልፈው በራቸውን ለተመልካች ይከፍታሉ። በዚያ ሰልፍ የሚበዛው የሽርሽሩ ዘመን ልጅ ነው፤ በ1950ዎቹ ቀለም የተቀባው፣ መጋረጃውና የሻይ ጀበናው ሳይቀር የዘመኑ የሆነው። ናፍቆት ንግድም ሆኗል፦ በ1941 የተመሠረተው ሻስታ የተባለው ድርጅት በ2015 ከኋላው ክንፍ ያለውን የድሮ ተሳቢውን ቅጂ ልክ 1,941 ብቻ አሠርቶ ሸጧል። ሻስታ ሲመሠረት ግን ሽርሽረኛን አስቦ አልነበረም፤ ለወታደሮች ማደሪያ ለማቅረብ ነበር። ቅጂው የወሰደው የኋለኛውን መልክ እንጂ የመጀመሪያውን ምክንያት አይደለም።

የሠራተኛው ተሳቢ ገጽታ ይበልጥ የተጠበቀው በፎቶግራፍ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የእርሻ ዋስትና መሥሪያ ቤት በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ያሠማራቸው እንደ ጆን ቫቾን ያሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች የጦር ፋብሪካ ሠራተኞችን የተሳቢ ሠፈር አንሥተዋል። ሥዕሎቹ በአገሩ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ጠንቃቃ ጠጋኝ የጠፋውን የበር እጀታ ወይም የምድጃ ጭስ ማውጫ ፍለጋ ሄዶ ያልፈለገውን ነገር ያያል፤ በሁለት ተሳቢ መካከል የተሰጣ ልብስ፣ በደጃፍ የተቀመጠ የውሃ ባልዲ፣ ከሥራ ተመልሶ ደረጃው ላይ የተቀመጠ ሰው።

ዕውቅና ያለው ተሳቢ እንኳ ከመረሳት አያመልጥም። በ1969 ከጨረቃ የተመለሱት የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ከጨረቃ ተሐዋሲ ይዘው መጥተው እንዳይሆን ተብሎ የተለዩት ከኤርስትሪም በተሠራ ተሳቢ ውስጥ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጦር መርከቡ ላይ ሆኖ በመስኮቱ ያነጋገራቸው ሥዕል በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጥቷል። ለጨረቃ ጉዞ ተብለው ከተሠሩት አራት ተሳቢዎች አንዱ ግን ሥራው ሲያበቃ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ የት እንደደረሰ ጠፍቶ ኖረ። በ2007 የተገኘው በአላባማ ግዛት ማሪዮን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከአንድ የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው። አሁን በዚያው ግዛት በሃንትስቪል የጠፈር ሙዚየም ውስጥ ቆሟል።